ከእንሴኖ የመጣ ሰው አለ?

ነስሩ መሞቱን የሰማሁት በረንዳ ላይ ተቀምጬ በርበሬ ስቀነጥስ ነው። ልጄ ኸይሩ ከሆስፒታል ደወለልኝ። «እማ» አለና ዝም አለ። ዝምታው ነገረኝ። «ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። በርበሬ የሚቀነጥስ ሰው እንደ ልቡ አያለቅስም፤ እጁን ወደ ዓይኑ ማድረስ አይችልም። እንባዬ በራሱ ወርዶ በራሱ ደረቀ።

ቡታጅራ ውስጥ ነስሩን የማያውቅ ጥቂት ነው። የከተማው ተማሪ ሁሉ አንድ ቀን ሰልፍ ላይ ቆሞ ሰምቶታል። ማይክሮፎን ይዞ «እኔ ነፍስ ያጠፋሁ ሰው ነኝ» ብሎ የሚጀምር ሌላ ሰው የለንም። እኔ ግን የማውቀው ማይክሮፎኑን ከመያዙ በፊት ነው። ስለ እሱ ያላዩትን ጨምረው የሚያወሩ አሉ። እኔ ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ።

ወደ ቤቴ ያመጡት የሰፈራችን ሽማግሌ ሐጂ ሙክታር ናቸው።

«ሩቂያ፣ ጓሮ ያለችው ክፍል ባዶ ናት አይደል? ተከራይ አምጥቼልሻለሁ» አሉኝ።

«ማን ነው?»

«ከወህኒ የወጣ ነው።»

«ምን አድርጎ ገብቶ?»

ሐጂ ነገር አይሸፍኑም። «ነፍስ አጥፍቶ» አሉ።

ቀና ብዬ አየሁት። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ እሱ ግን ደጅ ቆሟል። ቀጭን፣ ረጅም፣ አንዲት ፌስታል የያዘ ሰው። «ግባ እንጂ» ስለው ገባ። ለካ በር ፊት ሲደርስ መቆም ልማዱ ነው። ለዓመታት በር የሚከፍቱለት ሌሎች ነበሩ። የራሱ ክፍል በር ላይ እንኳ ቁልፉን በእጁ ይዞ ይቆም ነበር። «ምን ትጠብቃለህ?» ስለው፣ «ፖሊሱን» ብሎ ይስቃል።

ያን ሰሞን ጎረቤቴ ዘሃራ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ «ሩቂያ፣ አንበሳ ማሳደግ ጀመርሽ አሉ» አለችኝ።

«ደግ! አንበሳ ከሆነ ያንቺን ውሻ ዝም ያሰኝልኛል» አልኳት።

ጓሮ ሆኖ ሰምቶን ነበር። ሲስቅ ሰማሁት። ከመጣ የመጀመሪያ ሳቁ ነው።

ለምን እንዳስገባሁት ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ያኔ ኸይሩም በጠብ ሰው አቁስሎ ወልቂጤ ታስሮ ነበር። ነገ ሲፈታ እሱም «ግባ» የሚለው ሰው ይፈልጋል ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ነስሩ የሠራውን ሳልጠይቀው ነገረኝ። «ቤትሽ ያስገባሽውን ሰው ማወቅ አለብሽ፤ ካወቅሽ በኋላ ውጣ ብትዪኝ አልቀየምሽም» ብሎ ጀመረ።

እሱና አወል ከቡታጅራ ቅርብ ያለችው የእንሴኖ ልጆች፣ አብሮ አደጎች ነበሩ። በርበሬ አብረው ይነግዱ ነበር። አንድ ሠርግ ላይ አወል በሰው ፊት ቀለደበት። ሰው ሳቀ። ነስሩ አብሮ ሳቀ፤ ውስጡ ግን አልሳቀም። ሲመለሱ መንገድ ላይ ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ ነገሩን አነሣው። አወል ቀልዱን ደገመለት። ነስሩ በያዘው ዱላ መታው።

«አንድ ጊዜ ነው የመታሁት» አለኝ። «አንድ ጊዜ ይበቃል።»

ከዚያ አዘለው። መኪና ለማግኘት እስከ አስፋልቱ አዝሎት ሄደ።

«መጀመሪያ ላይ ቀላል ነበር። ጀርባዬ ላይ ሆኖ አናገረኝ። ለእናቱ የሚሆን ቃል ነገረኝ። አስፋልቱ ጋ ልደርስ ስል ከበደኝ። የደከመኝ መስሎኝ ነበር።»

 «ምን ብሎ ነገረህ?» አልኩት።

«እሱን የምናገረው ለእናቱ ነው፣ እትዬ። ፍርድ ቤት ‹ማን መታው?› ብለው ጠየቁኝ፣ ‹እኔ› አልኩ። ከዚያ ወዲያ የጠየቀኝ የለም። አሁን ይዤው ነው የምዞረው።»

ውጣ አላልኩትም። እራት አቀረብኩለት። ሳህኑን በክንዱ ከቦ፣ ቶሎ ቶሎ በላ። «ማንም አይቀማህም» ስለው አፈረ።

በእኛ አገር ፍርዱ ሁለት ነው። መንግሥት የፈረደውን ጨርሰህ ስትወጣ አንዱ አለቀ። ደሙ ግን በሽማግሌ ካልታረቀ እዳው አለ። እርቅ እስኪወርድ ድረስ ገዳይና የሟች ቤተሰብ ዓይን ለዓይን አይተያዩም። በአንድ ገበያ አይውሉም፤ ከአንድ ማዕድ አይቀርቡም። መንገድ ላይ ድንገት ከተገናኙ ፊቱን ሸፍኖ መንገድ የሚለቀው ገዳይ ነው። ነስሩ ይህን እንደ ሶላቱ ይጠብቅ ነበር። በገበያ ቀን የእንሴኖ ሰው በአውቶቡስም በጋሪም ቡታጅራ ይገባል። እሱ በዚያ ቀን ብሎኬት ከሚያመርትበት ግቢ አይወጣም። ሳሙና ቢያልቅበት እንኳ የሚልከው እኔን ነው። «እትዬ፣ ዛሬ እስረኛ ነኝ» ይለኛል። ጁምዓንም የሚሰግደው ራቅ ብላ ባለች ትንሽ መስጊድ ነበር፤ ትልቁ መስጊድ የአወል አጎቶች ይመጣሉ ብሎ።

ንግግር ያስጀመረው አንድ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው፤ ከጎጃም መጥቶ እዚህ የቀረ መምህር። ለአጥር ብሎኬት ሊገዛ መጥቶ ነስሩ ሠራተኞቹን ሲመክር ሰማው። በዚያ ሳምንት ተማሪዎች በጩቤ ተዋግተው ከተማው ደንግጦ ነበር። «ለልጆቼ ይህንኑ ንገርልኝ» ብሎ ለመነው።

ነስሩ ማታ መጥቶ፣ «ምን ብዬ ልናገር?» አለኝ።

«ለእኔ የነገርከኝን።»

«አንቺ እኮ አታጨበጭቢም፣ እትዬ» አለ።

የፈራው ይህን ነበር። እኔም ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጪ ቆሜ ሰማሁት። ሲጀምር፣ «ከእንሴኖ የመጣ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀ። ተማሪዎቹ ሳቁ። «አለን!» ብለው የጮኹም ነበሩ። እሱ ግን አልሳቀም። አንድ በአንድ «የማን ልጅ ነህ? የማን ልጅ ነሽ?» ብሎ ጠይቆ ሲጨርስ ነው ትንፋሹ የተመለሰው። ከዚያ ወዲያ በሄደበት ሁሉ ይህን ሳይጠይቅ አልጀመረም። ሰው የአገሩን ልጅ የሚያቆላምጥ ይመስለው ነበር። ምክንያቱን የምናውቀው ሐጂ ሙክታርና እኔ ነበርን።

ሲናገር ጩኸት የለውም። እንደ ሰባኪ እጁን አያወናጭፍም። ማይክሮፎኑን በሁለት እጁ እንደ ትኩስ ሻይ ይይዘዋል። ቀልድ ያውቃል። «እኔም እንደናንተ ግቢ ገብቼ ነበር፤ የእኔው ግቢ ግን ለማስመረቅ አይቸኩልም» ሲላቸው ልጆቹ ይንጫጫሉ። ትንሽ ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የሳቁባችሁን ሰው ስም ዛሬ ማታ ታስታውሱታላችሁ። ከሃያ ዓመት በኋላ ግን አታስታውሱትም። እኔ የማስታውሰው ስለመታሁት ነው» ይላቸዋል። ያኔ ሜዳው ጸጥ ይላል። የአወልን ስም ግን መድረክ ላይ ጠርቶ አያውቅም። «እናቱ ሳይፈቅዱልኝ ስሙን አልነግድበትም» ይል ነበር። ሊጨበጨብለት ሲል ማይክሮፎኑን አስቀምጦ ይወርዳል።

አንድ ቃሉን ከተማው ሁሉ ይዞታል። «የወህኒ በር ሁለት ነው። አንዱን መንግሥት ይከፍተዋል፤ ሁለተኛውን ጎረቤት።»

ኸይሩ ሲፈታ ይህ ቃል እኔ ቤት ደረሰ። ልጄ ቤት ገባና ወደ ግድግዳ ዞሮ ተቀመጠ። አይወጣም፣ አያወራም። ዘመድ እየመጣ መከረው፤ ኡስታዝ መጥተው ቁርዓን ቀሩበት። እኔ እናቱ ምን ላድርግ? ውሃ አቀርባለሁ፣ ዱዓ አደርጋለሁ፣ ሌላ የለኝም። ነስሩ አልመከረውም። ከሥራ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠና አብሮት ግድግዳውን አየ። አይቶ አይቶ፣ «ይሄ ግድግዳ ልስን ይፈልጋል» አለ። ኸይሩ ዝም። በማግሥቱ መጥቶ ተቀመጠ። «በጭቃ ነው በሲሚንቶ የሚሻለው?» አለ። ዝም። በሌላው ቀን፣ «በጭቃ ይሁን፤ እናትህ ሲሚንቶ የሚገዛ ልጅ የላትም» አለው።

ኸይሩ ዞር አለ። «በሲሚንቶ ነው» አለ በንዴት።

ከተመለሰ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው። በሳምንቱ ብሎኬት ማምረቻው ገባ። አሁን አግብቶ ልጅ ወልዷል። አልሐምዱሊላህ። ነስሩን በዱዓዬ ሳልጠራ ከስግደት ተነሥቼ አላውቅም፤ ውለታውን በሌላ ልመልሰው የምችልበት መንገድ አልነበረኝም።

እሱ የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር። የአወል እናት እማማ ሽኩሪያ እንዲታረቁትና ልጃቸው ያለውን ቃል በጆሯቸው እንዲሰሙ።

ሐጂ ሙክታር ሌሎች ሽማግሌዎች ይዘው እንሴኖ ሄዱ። እማማ ሽኩሪያ በር አልከፈቱላቸውም። ይህ የተለመደ ነው። ለደም በመጀመሪያው ልመና እሺ ያለች እናት «ልጇን አቀለለች» ትባላለች። ቆይተው ዳግመኛ ሄዱ። ግቢ አስገቧቸው፣ ተቀመጡ አላሏቸውም። እንደገና ሄዱ። ተቀመጡ አሏቸውና ውሃ ቀረበላቸው። የዚያን ቀን ሐጂ በደስታ መጡ።

«ነስሩ፣ ውሃ ጠጣን!» አሉት። «ውሃ ያቀረበች ሴት ልቧ ግማሽ መንገድ መጥቷል ማለት ነው። አንድ ጊዜ ደግመን ብንሄድ ያልቃል።»

ነስሩ ጓሮ ገብቶ ረጅም ሶላት ሰገደ።

በዚህ መካከል ነው ወልቂጤ የተጠራው። አንድ ትልቅ አዳራሽ፣ ብዙ ተማሪ። ኸይሩም አብሮት ትንሽ ሊናገር ነበርና «እማ፣ ካልመጣሽ አፌ ይያዛል» ብሎ እኔንም ወሰደኝ። በሚኒባስ ተራራውን ተሻግረን ገባን። ነስሩ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሏል።

እንደ ልማዱ፣ «ከእንሴኖ የመጣ ሰው አለ?» አለ። መልስ የለም። ደግሞ ጠየቀ። የለም። እፎይ ብሎ ጀመረ። እንደዚያን ቀን አምሮለት ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ጥያቄ ያለው ሲባል ከኋላ አንዲት ልጅ ተነሣች። ሻሿ ጥቁር ነው። ማይክሮፎን ሰጧት።

«እኔ ከእንሴኖ ነኝ» አለች። «ስትጠይቅ ዝም ያልኩት እንዳትሄድብኝ ብዬ ነው።»

ነስሩ ቀስ ብሎ፣ «የማን ልጅ ነሽ?» አላት።

«የአወል። ሰሚራ እባላለሁ። አባቴ ሲሞት እኔ አልተወለድኩም። አጠገቡ የነበርከው አንተ ብቻ ነህ። ምን አለ?»

 ነስሩ ማይክሮፎኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ፎጣውን ከትከሻው አንሥቶ ፊቱን ሸፈነ። ጀርባውን ሰጥቶ በኋላ በር ወጣ።

«እንዴ! ሸሸ እኮ!» አለ አንዱ። ፉጨት ተነሣ። «ብራዘር፣ መልስላት እንጂ!» እያሉ ሳቁ። ስልኩን ያላወጣ አልነበረም። ኸይሩ ማይክሮፎኑን አንሥቶ «አልሸሸም፤ እኛ አገር እኮ...» ብሎ ጀመረ። ማን ይስማው። ልጅቷን ጓደኞቿ ከበቧት። ወደ እሷ ልሂድ፣ ወደ እሱ ልሂድ፣ ጨነቀኝ። ወደ እሱ ሄድኩ።

ከአዳራሹ ጀርባ ቁጢጥ ብሎ አገኘሁት። ፎጣው ፊቱ ላይ ነው።

«ዓይኗ የአወል ነው» አለኝ።

«ብትነግራት ምን ነበረበት? የገዛ ልጁ ናት።»

«እየቀረፁኝ? በሰው ፊት?» አለ። ከዚያ እስከ ዛሬ የማልረሳውን ነገረኝ። «እትዬ፣ ‹ይቅር በይው ብሏል› ብዬ ብናገር፣ እርቅ ፈልጎ ፈጠረው ይላሉ። ‹ረግሞኛል› ብል ማን ይታረቀኛል? ቃሉ በሁለቱም በኩል ይበላሻል። መጀመሪያ እናቱ ወይ ይታረቁኝ፣ ወይ ይተዉኝ። ከእሳቸው የምፈልገው ነገር ሲያልቅ ነው የምናገረው የሚታመነው።»

ነስሩ ልክ ነው። ልክ መሆኑ ደግሞ ለማንም አልጠቀመም።

ቪዲዮው እኛ ቡታጅራ ሳንደርስ ደርሷል። «ነፍሰ ገዳዩ ተናጋሪ የሟች ልጅ ስትጠይቀው ሸሸ» ይላል። ከዚያ በኋላ የሚጠራው ትምህርት ቤት አነሰ። የባጃጅ ልጆች ሲያልፍ፣ «ነስሩ! ከእንሴኖ የመጣ ሰው አለ?» ብለው ይጮኹበታል። እሱም «አንተ ካልመጣህ ሰላም ነው!» ብሎ ይመልሳል። ይስቃሉ። ቤት ሲገባ ግን እራቱን ይተወዋል።

ሐጂ ሙክታር በጣም ተጨነቁ። «ደም ለደም ተያይቷል» አሉ። «አሁን ብንሄድ መድፈር ነው። ሴትየዋ ተቆጥታለች። ትንሽ ይብረድ።» አጋር ሽማግሌዎቹም «ይብረድ» አሉ። ክረምቱ ወጣ። በርበሬ ተለቀመ፣ ተሸጠ። ሌላ ክረምት መጣ። እኛ ይብረድ እያልን ነበር።

ከዚያ ነስሩ ታመመ። ጉበቱ ነው አሉ። ሆዱ አበጠ፣ እግሩ አበጠ፣ ያ ረጅም ሰው አልጋው ላይ አጠረ። ሐጂ ዘንድ ሄጄ፣ «አሁኑኑ እንሂድ» አልኳቸው።

«ታሞ ሳለ?» አሉኝ። «‹በሞት አስፈራርተው አስታረቁኝ› ብትል ምን እንላለን? ሻል ይበለው፣ ወዲያው እንሄዳለን።»

አልተሻለውም። ሆስፒታል አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ለመንኩት። «ልጄ፣ ለእኔ ንገረኝ። እኔ እናት ነኝ። ወስጄ በጆሯቸው አደርስልሃለሁ።»

ዓይኑን ከፈተ። «የሳቸው ነው። ሌላ ሰው ቀድሞ ከሰማው የተሰረቀ ነው።»

«ብትሞትስ?»

«አላህ ያውቃል» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ኸይሩ የብሎኬት ማሽኑን ዘይት ይቀባው፤ ይዝጋል» አለኝ። ከእኔ ጋር ያወራው የመጨረሻው ይህ ነው። በማግሥቱ ልጄ ደወለ።

ቀብሩ ላይ ተማሪዎች መንገዱን ሞልተውት ነበር አሉ፤ እኛ ሴቶች ከቤት ነን። ከእንሴኖ ግን ማንም አልመጣም። መምጣትም አይችሉም፤ እርቅ አልወረደም። ሐጂ ሙክታር ከቀብር ተመልሰው በረንዳዬ ላይ ተቀመጡ። ሽማግሌ ሲያለቅስ ማየት ከባድ ነው። 

ለቅሶው እንደተነሣ አንዲት ልጅ በሬ ላይ ቆመች። አልገባችም። ጥቁር ሻሿን አይቼ አወቅኋት።

«ግቢ፣ ልጄ።»

«መግባት አይሆንልኝም» አለች ሰሚራ። «አያቴ ልካኝ ነው። ‹ያስጠጋችውን ሴትዮ ጥሪልኝ› አለችኝ።»

ነጠላዬን ደርቤ ተከተልኳት። አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንሴኖ ገባን።

እማማ ሽኩሪያ እንሰቱ መካከል ባለ ንጹሕ ቤት ውስጥ ከእንሰት በተሠራ ምንጣፍ፣ ጅባ ላይ ተቀምጠዋል። ሰላምታ ተሰጣጣን። አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ውሃ አስመጡልኝ።

«ልጅ አለሽ?» አሉኝ።

«አንድ ወንድ።»

«ምን ይሠራል?»

«ብሎኬት ያመርታል» አልኩ። ከዚህ በላይ መናገር አልፈለግሁም ነበር፤ ግን ዋሽቼም ደብቄም አላውቅም። «ከእስር ወጥቶ ነበር። ሥራ ያስያዘው፣ ሰው ያደረገው ነስሩ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «አላህ ያቆይልሽ» አሉ።

አሚን ማለት ከበደኝ። የእሳቸውን ልጅ በወሰደው እጅ ነው የእኔው የተመለሰው።

 ከዚያ፣ «ሽማግሌዎቹ ለምን ቀሩ?» አሉኝ።

«እርስዎ ተቆጥተዋል ብለው ነው። ወልቂጤ ላይ በሆነው። ይብረድ ብለው።»

«ምኑ ይብረድ?» አሉ። ወደ ሰሚራ ጠቆሙ። «ይህቺ ልጅ እያለቀሰች መጥታ ‹ሸሸኝ› አለችኝ። ‹እንዴት አድርጎ?› አልኳት። ‹ፊቱን ሸፍኖ፣ ጀርባውን ሰጥቶ› አለች። ‹ይሄ መሸሽ አይደለም› አልኳት። ያ ሁሉ ሕዝብ እያየው፣ ስሙ እየተበላሸ፣ ደማችንን አከበረ። ያን ቀን ነገሩን በልቤ ጨረስኩ። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ እሺ እላለሁ ብዬ አጎቶቹንም አሳመንኩ። አንድ ክረምት ጠበቅኋቸው። ሌላ ክረምት ጠበቅኋቸው። ትተውናል አልኩ።»

«ምነው ቢልኩብን፣ እማማ?»

«የሟች እናት አስታርቁኝ ብላ ትልካለች እንዴ? የት አገር ታይቶ?»

አይታይም። እኔም አውቃለሁ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ቡታጅራ ላይ እኛ እሳቸውን አክብረን ጠበቅን። እንሴኖ ላይ እሳቸው ልጃቸውን አክብረው ጠበቁ። ነስሩ በመካከል ሞተ።

እማማ ሽኩሪያ እጄን ያዙ። እጃቸው እንደ ደረቅ ቅጠል ቀላል ነው። ሰሚራም ከበሩ ተነሥታ ጠጋ አለች።

«አሁን ንገሪኝ» አሉኝ። «ልጄ ምን አለ?»

«አልነገረኝም።»

«ላንቺም?»

«ለማንም። ‹የሳቸው ነው› አለ። ለመንኩት። እምቢ አለኝ።»

ሰሚራ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።  የምሰጣት ነገር አልነበረኝም። ከዚያ ሁሉ ንግግሩ፣ ከተማው በቃሉ ከያዘው ሁሉ፣ ለዚህች ልጅ የሚሆን አንድ ቃል እጄ ላይ የለም።

አሮጊቷ አላለቀሱም። እጄን አለቀቁም። እንደ ገበያ ጉዳይ ረጋ ብለው ተናገሩ።

«ግዴለም። አሁን ሁለቱም እዚያው ናቸው። እኔም ልሄድ ትንሽ ነው የቀረኝ። ራሴ እጠይቃቸዋለሁ።»

ከዚያ ሰሚራን ዞር ብለው አዩዋት። ለእሷ የሚሉት አጡ። እኔም አጣሁ።